ቡናማ ያጣው የቀለም ገበታ

የደርግ ዘመን ቀለም አልነበረውም ይባላል። ሐሰት ነው። ግራጫ ኮት፣ ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ ፊት እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ወይ ያኔ አልተወለዱም፣ ወይ ዐይናቸውን ጨፍነው ነው ያለፉት። እኔ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባለሥልጣን ስለ ቀለም እንዲያ ሲጨነቅ አላየሁም። አጥርና የመብራት ምሰሶ ሳይቀር ይቀባ ነበር። ለመሆኑ አንድን ቀለም በስብሰባ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከሥራ ያሰናበተ መንግሥት ስንት ነው? የኛ ቡናማን አሰናብቷል። እኔም በቦታው ነበርኩ።

መሥሪያ ቤታችን ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ሥራችን የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ደን ካርታ ማዘጋጀት ነው። እኔ ነዳፊ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ መስመር አሰምራለሁ። ወደ ዘመኑ ማብቂያ ገደማ ከወዳጅ አገር አንድ ኮምፒዩተር በእርዳታ መጣልን። በግቢው ውስጥ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ክፍል የሥራ አስኪያጁ ብቻ ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ወጡና ኮምፒዩተሩ ገባ። አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሥራ አስኪያጁ ካልሲ አውራ ጣታቸው ላይ ቀዳዳ እንዳለው ሠራተኛው ያወቀው በዚያ ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ እንፈራቸው ነበር።

ማሽኑን የሚያዘው ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ፕሮግራመር ነው። ራሱ የጻፈው የመሣያ ፕሮግራም ነበረው፤ መስመር ያሰምራል፣ ክብ ያዞራል፣ የተከለለ ቦታ በቀለም ይሞላል። የቸገረው ቀለሙ ነበር። ማሽኑ ስልሳ አራት ቀለም ያውቃል፤ በአንድ ጊዜ ማሳየት የሚችለው ግን አሥራ ስድስት ብቻ ነው። ስለዚህ አሥራ ስድስቱን መርጦ በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በትንንሽ ካሬ መደርደር ያስፈልጋል። ሠዓሊ በእጁ እንደሚይዛት የቀለም ገበታ ማለት ነው።

«አንተ ሥራው» አለኝ። «እኔ የቀለም ነገር አይሆንልኝም። ሸሚዜን እንኳ የምትመርጥልኝ ሚስቴ ናት።»

የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጠቋሚው የሚነሣው ከላይኛው ካሬ ነው፤ ታች ያለውን ቀለም ለማግኘት ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ግድ ነው። ስለዚህ እጅ የሚያዘወትረው ቀለም ከላይ መሆን አለበት። የሚመሳሰሉት ደግሞ ጎን ለጎን ከተቀመጡ የደከመው ሰው አንዱን ለሌላው ያነሣል። ገበታውን በወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ሠርቼ፣ እንዴት እንደሚመስል ለማየት በዱቄት ሙጫ ስክሪኑ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ፕሮግራመሩ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረውም።

ጠዋት ከሥራ በፊት ደግሞ ወደ ተራራው ብቅ እያልኩ ዛፎቹን አያለሁ። ባሕር ዛፍ አረንጓዴ ነው የሚል ሰው ባሕር ዛፍ አይቶ አያውቅም። ለጋው ቅጠል አመድ የተነሰነሰበት ሰማያዊ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ሲያረጅ ነው። እናም አንደኛው ካሬ ለለጋው፣ ሁለተኛው ለአሮጌው ሆነ። ሦስተኛውን ለእግር መንገድ ቡናማ አደረግኩት። ቀይን፣ የተከለከለ ወሰን ለማስመር ብቻ ስለሚያስፈልግ፣ አሥራ አንደኛ ላይ አስቀመጥኩት። የሕይወቴ ትልቁ የፖለቲካ ስሕተት ይህ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

ለቡናማው ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በተከራየሁበት ግቢ፣ ከኔ ክፍል ቀጥሎ፣ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ሾላ ገበያ የሚሸጡ ሴትዮ ይኖሩ ነበር። ከልጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከሸክማቸው ጋር በሁለቱም ያወራሉ። በዚያ ዓመት ደኑ ለለቃሚ ተዘግቶ፣ የፈቃድ ወረቀት ላላቸው አንዲት የእግር መንገድ ብቻ ተፈቅዳ ነበር። ከዚያች መንገድ የወጣ ሰው ሸክሙንም ገመዱንም ይቀማል። የሳቸው ቤት እራት የሚበላው በዚያች መንገድ ነው።

«መንገዴን ትሥላታለህ አሉ» አሉኝ አንድ ማታ፣ ልብስ ሲያሰጡ ያዩኝና።

«እሥላታለሁ እትዬ።»

«ከምንጩ በታች ወደ ግራ ትታጠፋለች። እዚያ ላይ ቀጥ አድርገህ ከሣልካት ገደል ትከተኛለህ።»

«አጣምማታለሁ፣ አያስቡ።»

«ቀለሟስ?»

«ቡናማ።»

ትንሽ አሰቡበት። «ደግ። አፈሩም እንደሱ ነው።»

በዚያ ሥራ ዘመን ሁሉ ያገኘሁት ብቸኛ የባለሙያ አስተያየት ይኸው ነው።

ገበታው ለኮሚቴ ይቅረብ ተባለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዎች በካልሲ ተሰበሰብን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ፣ ፕሮግራመሩና እኔ። ካድሬው ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ካሬ በካሬ መረመረው።

«ጓድ፣ ቀይ የት ነው?»

«አሥራ አንደኛው ላይ ጓድ።»

«አሥር ቀለም ቀይን ይቀድማል ማለት ነው?»

«ለእጅ እንዲቀርብ ነው እንጂ…»

«ለምን ያገለግላል?»

«ለተከለከለ ቦታ።»

ሥራ አስኪያጁ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጠፉት።

«ቀይ» አለ ካድሬው ቀስ ብሎ፣ «ለተከለከለ ቦታ?»

ፕሮግራመሩ ነገሩን በቀልድ ሊያበርደው ፈለገ። «ጓዶች፣ ከቀይ ይልቅ ቡናማው ነው የሚያሳስበው። እኔ በተማርኩበት አገር ቡናማ ማለት የናዚ ፋሺስቶች ሸሚዝ ነው። እኛ ጋ ሦስተኛ ወጥቷል!» ብሎ ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነው። ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ሮጠ። ቀይ አንደኛ ይሁን ተባለ። አንድ ቀይ ደግሞ አይበቃም፤ ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር ቀይና ብርቱካን ያዘለ ቀይ ተከታትለው ይግቡ ተባለ። ቡናማ ታሪኩ አጠያያቂ ስለሆነ ይውጣ። የተከለከለው ወሰን ጥቁር ይሁን። የተፈቀደችው መንገድስ?

«ሰፊው ሕዝብ እንዲሄድበት የተፈቀደ መንገድ» አለ ካድሬው፣ «ከቀይ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«መንገዱ እኮ ቡናማ ነው ጓድ» አልኩ። «አፈሩ።»

«አፈር ይለወጣል» አለኝ፤ ያለ ቁጣ፣ እንደ ጥሩ አስተማሪ።

ከዚያ «ተቃውሞ?» ብሎ ጠየቀና ጠበቀ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እውነት ጠበቀ። የኔ ትውልድ ሰዎች «ያኔ እጃችንን ያወጣነው በፍርሃት ነው» ይላሉ። በሌላ ጊዜ ፈርቻለሁ፤ ፍርሃት ምን ምን እንደሚል አፌ ያውቀዋል። የዚያን ቀኑ ፍርሃት አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቅዳሜ ሥራ እስከ ስድስት ነው። ውጭ ሰርቪሱ ሞተሩን አስነሥቶ ጡሩምባ ይነፋል። ካመለጠኝ እስከ ፈረንሳይ በእግር መሄድ ነው፤ ቤት ደግሞ ሽሮ አስቀምጬ መጥቻለሁ። ያወጣሁት እጅ የራበው ሰው እጅ ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለና ጫማችንን እያንጠለጠልን ሮጥን።

ማተሚያው ጥቁር ሪባን ብቻ ስለነበረው፣ ካርታው በጥቁር ታተመና በገበታው መሠረት ቀለሙን በእጅ መቀባት የኔ ፈንታ ሆነ። በመንገዷ ላይ ለነበሩት ሦስት የጥበቃ ማማዎች ሦስት ቅጂ ሠራሁ። ከምንጩ በታች ወደ ግራ አጠፍኳት፤ ገደል አልከተትኳትም። በደማቅ ቀይ፣ ቀለሙ አንድም ቦታ ሳይፈስ። ከእጄ ከወጡት ሥራዎች እንደዚያ ንጹሕ የለም።

ካርታዎቹ በተሰቀሉ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ባዶ ጀርባቸውን ገቡ። ገመዳቸውም የለም።

«አንተ ነህ የሣልካት?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ጥበቃው ካርታህን አሳየኝ። ‹ቀይ ነው፣ ተመለሺ› አለኝ። ቡናማ አላልከኝም?»

«ኮሚቴ ነው እትዬ የወሰነው።»

«ኮሚቴው ጭራሮ ለቅሞ ያውቃል?»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አብረን ወጣን። በመጀመሪያው ማማ ያለው ጥበቃ ካፖርት የደረበ አሮጌ ወታደር ነበር። ከካርታው ግርጌ ያለውን መግለጫ በጣቴ አሳየሁት፤ ቀይ፣ የተፈቀደ መንገድ ይላል።

«ማንበብ አያቅተኝም ወንድሜ» አለ። «የጻፈው ሰው የተሳሳተ መስሎኝ ነው። ከተማ ውስጥ መብራት ቀይ ሲበራ ሾፌር ይሄዳል ይቆማል?»

«ይቆማል።»

«አየህ። የጭነት መኪና የሚያቆም ቀይ እንዴት አድርጎ ሴትዮዋን ያሳልፋል? ጥፋቱ የኔ እንዳይሆን ደብዳቤ አምጣ።»

በዚያ ታሪክ ውስጥ በትክክል ያሰበ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ ብጠይቅ ወደ ካድሬው መሩኝ። ካድሬው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ በትሕትና አስነበበኝ። «በሙሉ ድምፅ ነው የሚለው ጓድ። ሙሉው ውስጥ አንተም አለህ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዝ።» የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ብጠይቀው ገና አልተወሰነም አለኝ።

እሑድ አንድ ብልቃጥ ቡናማ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ኪሴ ከትቼ ከሴትዮዋ ጋር ወጣሁ። ጥበቃው ብልቃጡን አየና «እኔ ከተማዋን እያየሁ ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጠን። ቀዩ ላይ ቡናማውን ደረብኩበት። ቀዩ ከሥር ብቅ እያለ ልክ የዚያን ተራራ አፈር መሰለ፤ ሦስት ሳምንት ለፍቼ ካገኘሁት ቡናማ ይበልጣል። ጥበቃው ዞሮ ካርታውን አየ፤ መንገዷን አየ።

«አሁን መንገድ መሰለ። ይለፉ እናቴ» አለና ገመዳቸውን ከማማው ውስጥ አውጥቶ ሰጣቸው።

ሁለት ማማ ቀርቶናል። በብልቃጡ ውስጥ ለሁለቱም የሚበቃ ቀለም ነበር። ጥቂት እንደወጣን ከታች መኪና ሲያጓራ ሰማሁ። በዛፎቹ መካከል የመሥሪያ ቤታችንን መኪና መሰለኝ።

«እትዬ፣ የቀረውን ሌላ ቀን ልምጣ።»

«ሌላ ቀን ማለት መቼ ነው?»

«በዚህ ሳምንት።»

እሳቸው ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች። መኪናውን መታጠፊያው ላይ አገኘሁት፤ ጠበል የሚወጡ ሰዎች ነበሩበት፤ ቢጫ ጀሪካን በመስኮት ብቅ ብሏል። ተመልሼ መውጣት እችል ነበር። አልተመለስኩም። ጎረቤቴ ሁለተኛው ማማ ላይ ገመዳቸውን እንደገና ተቀሙ።

በዚያ ሳምንት አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። እሳቸው የተከለለው ደን ከማይደርስበት፣ ከተራራው ጀርባ መልቀም ጀመሩ፤ ጠዋት ገበያ ይደርስ የነበረው ሸክም ገበያው ሲበተን ይደርሳል። ስለ ካርታው አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ፣ እግራቸውን ሲታጠቡ ቀና ብለው ጠየቁኝ፦

«ያቺ ብልቃጥ ደረቀች?»

«ደረቀች እትዬ።»

አልደረቀችም ነበር።

ይህን ታሪክ በየመጠጥ ቤቱ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ባወራሁ ቁጥር ካድሬው ይወፍራል፤ አንዴ ሽጉጥም አስታጥቄዋለሁ። ሰሚዎቼ ይስቃሉ፣ ያዝኑልኛልም። ሰርቪሱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የጀሪካኑንም መኪና እንደዚሁ። በወፍራም ካድሬ ፊት እጅ ማውጣት ያሳዝናል፤ ለሽሮ ብሎ እጅ ማውጣት ግን ለወሬ አይመችም።

አንባቢ ሆይ፣ ምክር አልሰጥዎትም፤ እለምንዎታለሁ። አንድ ቀን ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ሆድዎ እየጮኸ፣ መኪናው ውጭ ጡሩምባ እየነፋ፣ አንድ ጨዋ ሰው «ተቃውሞ?» ብሎ ቢጠብቅዎ፣ «አለኝ» ይበሉት። መኪናው ጥሎዎት ይሂድ። በእግርዎ ይግቡ።