የዘጠኝ ዓመት ውክልና

ሙሉቀን ሲቪ ጽፎ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የውኃ ፕሮጀክት ቢሮ ሲሠራ ማን ይጠይቀዋል? ቢሮው በተዘጋ በስድስተኛው ወር ግን የሥራ ማስታወቂያ ወጣ፤ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ በኃላፊነት የሠራ። በሃምሳ አራት ዓመቱ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ እንደማይመጣለት ያውቃል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ደግሞ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ወርዶ፣ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፎ፣ ሶሊያና የምትባል ልጅ ወደምትሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባ። ሶሊያና ወረቀቶቹን አገላበጠች። የሥልጠና ምስክር ወረቀቱ ብቻ ሠላሳ አንድ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ማንም አያነብልዎትም። ለትልቅ ቦታ ሁለት ገጽ ይበቃል። ምን ምን እንደሠሩ ይንገሩኝ።»

«ቢሮው ብዙ ሠርቷል።»

«እርስዎን እኮ ነው የጠየቅኩት!»

ሙሉቀንን ላብ አጠመቀው። «እኔ ሠራሁ» ማለት እንደ ነውር ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። አለቃው አቶ ወርቁ ከስብሰባ ስብሰባ ሲዞሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ የውክልና ደብዳቤ ይሰጡታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ቢሮውን መራ። ቡሹሎ ያስቆፈሩት የውኃ ጉድጓድ ሲደረመስ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ የከረመው እሱ ነው። ከውክልና ደብዳቤዎቹ ግን አንዱንም ለራሱ አላስቀረም። ቀናቸው ባለፈ ቁጥር ለመዝገብ ቤት ይመልስ ነበር። ይሄ ሞኝነት እንጂ ሌላ ምን ይባላል! በእጁ ያለው የሥራ ልምድ ማስረጃ «በባለሙያነት አገልግለዋል» ብሎ ይዘጋል።

ሶሊያና አዘነችለት። «አንድ አሪፍ ላሳይዎት፤ እንደሱ እንሠራዋለን። ጠዋት የጻፍኩት ነው፣ ሰውየው አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱታል። እሳቸውም ለዚሁ ቦታ ነው።» ስሙን በመዳፏ ሸፈነችው።

ሙሉቀን መነጽሩን አድርጎ አነበበ። በሁለት ሺህ ዘጠኝ በቡሹሎ የተደረመሰውን ጉድጓድ በሦስት ቀን አስጠገንኩ። የአርባ ሠራተኞችን ቢሮ መራሁ። የቀረው ሁሉ እንደዚያው ነው፣ የእሱ ዘጠኝ ዓመት። ሶሊያና መዳፏን ባታነሳም ስሙን አወቀው።

«አያምርም?» አለችው። «ማስረጃቸውም በኃላፊነት የሚል ነው፣ ማህተም አለው።»

ደሙ ፈላ፤ ወዲያው ግን የራሱ ማስረጃ ታወሰው። እሱም ያንኑ ቢጽፍ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ያኔ ሌባ የሚባለው ማህተም የሌለው ነው።

«የእርስዎን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በባለሙያነት አገልግሏል በይ።»

አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ከፍሎ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ቆመ፤ ለአቶ ወርቁ ደብዳቤ ሲያርም የኖረ ዓይኑ አላስችል ብሎት ተመለሰ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ጉድጓድ የተደረመሰው በሁለት ሺህ ስምንት ነው፣ ዘጠኝ አይደለም። ከመምጣታቸው በፊት አስተካክዪላቸው።»