ሁለተኛው ተጠቃሚ

የኮምፒውተር ጠጋኙ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ላፕቶፑን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው ወደ ደረታቸው ሳቡት። «አንተ ኢንተርኔቱን ብቻ ስጠኝ፤ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እኔው እጭነዋለሁ።»

ኮሌታቸው ላይ መርፌ ከነክሩ ተሰክቷል። ማሽኑ «የነበረው ሁሉ ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሳያመነቱ አዎን አሉት። ሥራው ላይ ሳሉ ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር የስፌት መኪና እንደሚረግጥ ሰው ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ፕሮግራም መጻፊያውን ካስገቡ በኋላ ሥዕል መሥሪያም ጨመሩበት።

«ይሥላሉ እንዴ?» አላቸው ጠጋኙ።

«እኔ? ቀጥ ያለ መስመር እንኳ አይሆንልኝ!»

ከዚያ በሴት ስም ሁለተኛ ተጠቃሚ ከፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን ግን ባዶ ተዉት።

«ልጄ ናት። ስትመጣ ራሷ ትሞላዋለች።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

እግራቸው ቆመ።

«ትመጣለች» አሉና እንደገና መርገጥ ጀመሩ።