በግቢያችን ያለፈው መስመር

ጋምቤላ መሃል፣ ከገበያው ጀርባ ባለው አሮጌ ሰፈር፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው የኖርኩት። ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው። ሰፈሩ መልሶ ይልማ ሲባል፣ ከገበያው እስከ ባሮ ወንዝ የሚደርሰውን የእግረኛ መንገድ ያሰመርኩት እኔው ነኝ። መስመሩ የእኛን ግቢ ሰንጥቆ፣ በማንጎው ሥር ያልፋል። "አይ ዕድሌ! የምተኛበትን ቤት በገዛ እጄ ላፍርስ?" እያልኩ ባልደረቦቼን አስቅ ነበር።

አከራዬ ስለ ቤቱ አንድም ቀን አልተከራከሩም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ችካሉ የተተከለ ዕለት ግን ጠሩኝና ማንጎው ሥር አቆሙኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ልጅ አለ" አሉኝ።

ክው አልኩ። ድሮ በዚህ ሰፈር ሟች እዚያው ግቢው ውስጥ ይቀበር ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ስም ሳይወጣለት ሞተ፤ እሳቸው ከወሊድ ስላልተነሱ ባላቸው ብቻቸውን ቀበሩት፣ ኋላም "እዚህ ነው" ብለው ቦታውን አሳዩዋቸው።

"እኔ ሄጄ እሱ ብቻውን ይቀራል? ሰው ይረግጠዋል? እምቢ! ይዤው ነው የምሄደው" አሉኝ።

ጠዋት ጠዋት ግቢ ሲጠርጉ ማንጎው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ለምን ዝቅ እንደሚል ያን ጊዜ ገባኝ። ያወራሉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ደግሞ ያወራሉ። እኔ ሞኙ፣ በአጥር ከጎረቤት ጋር የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቱ ግን ለልማት ከተነሳ ወራት አልፎታል፤ ቤቱም ፈርሷል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄኔ ነው።

አለቃዬን መስመሩን ትንሽ እናዙረው ብዬ ለመንኩት። "አንተ ሰው፣ ለአንድ መቃብር ብለን መንገድ እናጣምም?" አለኝ። በሽቄ ወጣሁ። እንግዲህ የቀረው አፅሙን ማውጣት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ጸለዩ፣ ዘመሩ፣ ከዚያ መቆፈር ተጀመረ። እሳቸው አዲስ ነጭ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሙቀቱ እንኳን ቆፋሪውን ተመልካቹንም ያቀልጣል። ዙሪያችን ያለው ሰፈር ፈርሶ ስላለቀ የባጃጅ ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ያ ጸጥታ ራሱ ያስፈራ ነበር።

ጉልበት ድረስ ቆፈሩ፤ ምንም የለም። ወገብ ድረስ ገቡ፤ ምንም። ግራና ቀኙን አሰፉት፤ ያው ነው። መሬቱ ድርቅ ያለ፣ አካፋ ነክቶት የማያውቅ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ኧረ እዚህስ ሰው ተቀብሮም አያውቅም" አሉ ቀስ ብለው።

ፓስተሩ ደንገጥ አሉ። "እናቴ፣ ሕፃን ነው፤ ዘመኑም ረጅም ነው። አፈር ሆኗል። እሱ በጌታ እቅፍ ነው ያለው" ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ።

እሳቸው ግን አላለቀሱም። ጨርቁን መልሰው አጣጠፉት። ጉድጓዱን አዩት፣ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ፓስተሩ እንዳይሰሙ ጠጋ ብለው እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው በዚያ ሙቀት በረዶ ነበር።

"ልጄ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ማን ነበር የሚመልስልኝ?"