የአራሷ እባብ ጠያቂ

ባለፈው ሳምንት ከታኮማ የመጣ የብርጭቆ ካርቶን ስከፍት፣ ዕቃው እንዳይሰበር በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቶ አገኘሁት። ፍቅፋቂው መንገድ ላይ ትንሽ እርጥበት ነክቶታል። ሽታው ሲመታኝ ብርጭቆውን ረስቼ ካርቶኑ ላይ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ሱቅ ውስጥ የምታግዘኝ ልጅ ደነገጠች።

«ብዙ ተሰበረ እንዴ?» አለችኝ።

«ምንም አልተሰበረም» አልኳት። ካርቶኑ ውስጥ ማለቴ ነው።

ያ ሽታ የአክስቴ ቤዝመንት ሽታ ነው። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሲያትል አጠገብ፣ ዴ ሞይን ውስጥ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ የሚያልፍበት ቤት ነበራት። አንዱ ሲያልፍ ወሬያችንን አቁመን እንጠብቃለን፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እኔ ከታች፣ ቤዝመንቱ ውስጥ እኖር ነበር። ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ የኪራይ መኪና ማጠብ ነበር። ሲያትል ውስጥ መኪና ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ አንተው ፍረድ፤ እኔ አጥቤ ሳልጨርስ ሰማዩ ይደግመዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲገዛና ሲሸጥ እያየሁ ያደግኩ ነኝና፣ የሌላ ሰው መኪና ላይ ውሃ እየረጨሁ ማርጀቱ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሊንውድ ውስጥ ከዝናብ ለመሸሽ አንድ ሱቅ ገባሁ። እባብና እንሽላሊት የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ባለሱቁ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያስር ነጭ ሽማግሌ ነው። እኔን የገረመኝ እባቡ አይደለም፤ ሰልፉ ነው። ሰው ተሰልፎ እባብ ይገዛል! አይበላ፣ አይለበስ፣ ሌባ አይጠብቅ። ግን ሰው የሚሰለፍለትን ዕቃ የሚንቅ ነጋዴ ካለ ነጋዴ አይደለም። ሶ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሳጥን አጸዳለት፣ ደንበኛ አስተናግድለት ጀመርኩ። እሱም ሥራውን አስተማረኝ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት እባብ ገዛሁ፤ ዘሯን ኪንግስኔክ፣ የእባብ ንጉሥ፣ ይሉታል። ጥቁር ናት፤ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ነጭ ቀለበት የደረደረች ትመስላለች። ባለሱቁ ከራሱ እባቦች የሚመርጠውን ወንድ ለእርቢው ወቅት አዋሰኝ።

«እንቁላሏን በሰላም ከጣለችና ወንዱን በጤና ከመለስክልኝ» አለ፣ «በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ያንተ ነው። የራስህን እያረባህ ትሸጥበታለህ።»

ያንን መደርደሪያ እንዴት አየው እንደነበር ብነግርህ ትስቅብኛለህ። ሰው ሙሽራ እንደዚያ አያይም።

ግን አንድ ነገር ነበረ፤ ባለሱቁ ባየኝ ቁጥር ሳይደግመው አያልፍም። ይህ እባብ የእባብ ንጉሥ የተባለው ሌሎች እባቦችን ስለሚበላ ነው። መርዘኛውንም አይምርም። የራሱንም ዘር አይምርም፤ ሲርበው ባል፣ ሚስት፣ ልጅ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ በየራሱ ሳጥን። ክዳኑ በሁለቱም ጎን ይቆለፋል፣ ባገኘው ስንጥቅ ይወጣልና። የሳጥኑ አንድ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ፣ መሃል ላይ መደበቂያ፣ ከሥር የእንጨት ፍቅፋቂ። ለማዳቀል ሲፈለግ ሁለቱንም አስቀድሞ ለሳምንታት ደህና አድርጎ መቀለብ፣ ከዚያ እባብ የሚነሳበት መንጠቆ ይዞ አጠገባቸው መቀመጥ፣ ሲጨርሱ ወዲያው መለየት።

«ዓይንህን ካነሳህ» ይለኛል፣ «ሁለት እባብ አስገብተህ አንድ ታወጣለህ።»

ሁሉንም እንዳለው አደረግኩ። ያገናኘኋቸው እሁድ ቀን ነበር። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ ወደ ታች ጮኸች።

«አንተ! ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሰርግ!»

«በስመ አብ!» አለችና በሩን ዘጋችው።

መጀመሪያ ያመጣኋቸው ቀን ደረጃውን በሙሉ ጸበል ረጭታዋለች። «ከሔዋን ጀምሮ የተጣላነውን ፍጥረት አምጥተህ ቤቴ አስገባህብኝ?» ብላ ለሳምንት አኩርፋኛለች። ልብሷን የምታጥበው ቤዝመንት ነበርና ማሽኑ ጋ ስትመጣ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጎን ትራመዳለች። በኋላ ሴቷ ሆዷ እየከበደ መጣ። አክስቴ አንድ ቀን የልብስ ቅርጫቷን እንደያዘች በጎን አየቻት።

«ምን ሆና ነው እንዲህ ያበጠችው?»

«እርጉዝ ናት።»

ቅርጫቱን አስቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ከሥራ ስገባ ሰላምታውን ትታ «በላች ዛሬ?» ትለኛለች።

«ልትጥል ስትል አትበላም።»

«እርጉዝ እንዴት አትበላም? አንተ ነህ ያስራብካት!»

«አክስቴ፣ ተፈጥሮዋ ነው።»

«ገንፎስ አትቀምስም?» ቀልዷን ይሁን እውነቷን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ሃይስኩል ነበረች። ከሶፋው ሳትነሳ «ማም፣ ኢትስ ኤ ስኔክ» ትላታለች። እናትየው አትሰማትም። እኔንም አልሰማችኝም፤ የሚያበግነኝ እሱ ነው።

እባቧ እንቁላሎቹን የጣለችው ሥራ በሌለኝ ቀን ነው። ነጫጭ፣ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ። ሳላገላብጥ አነሳኋቸውና እርጥብና ሙቅ አድርጌ ወዳዘጋጀሁት ሳጥን አዛወርኳቸው። እናትየዋ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ ጎኗ ጎድጉዶ ቀርታለች። ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆና የተቀመጠች አንዲት ትንሽ አይጥ አቀለጥኩላት፣ በላች። እንደዚያ ያለች እባብ ያገኘችውን ሁሉ የምትውጥበት ጊዜ ነው። አክስቴን ደረጃው ላይ ጠርቼ በግልጽ ነገርኳት።

«ማንም እንዳይነካት። ብቻዋን መሆን አለባት።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«አራስ ናት እኮ።»

«እባብ ናት!»

«እሺ» አለች።

ዕድሜ ልኬን ነግጃለሁ፤ እንደዚያ «እሺ» ያከሰረኝ ነገር የለም።

የኛን ደንብ ታውቃለህ። አራስ ብቻዋን አትተውም። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ ብረት ይዞ የሚከተላት ሰው አለ። ይህን ደንብ ለእባብ የሚያሟላ ሰው ይኖራል ብዬ ግን በየትኛው ጭንቅላቴ ላስብ?

በማግስቱ ከሰዓት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የአክስቴ ልጅ ከፊቴ ቆመች። «ዶንት ፍሪክ አውት» አለችኝ፤ እንዳትደነግጥ ማለቷ ነው። ሰው እንዲህ ሲልህ ምን ቀረህ?

ወረድኩ። አክስቴ ከሳጥኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ትኩስ ድስት የምታወጣበት ጓንት አለ። ፊቷ ቁምነገር የሠራ ሰው ፊት ነው።

«ባሏን አምጥቼላታለሁ» አለችኝ። «አንተም አትቆጣ፣ አልነካሁትም። በጓንት ሳጥኑን አንስቼ ወደ እሷ ገለበጥኩት። ወዲያው ተቃቀፉ!»

ተቃቀፉ። ክዳኑን አነሳሁ። ሴቷ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ወፍራለች። ከአፏ የወንዱ ጭራ ጫፍ ወጥቶ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። አንቃ የጨረሰችውን ነው የምትውጠው፣ የሚተርፍ ነገር የለም።

«አየሽ? አየሽ ምን እንዳደረግሽ? አጠገባቸው ተቀምጠሽ!»

«ዓይኔን አንስቼ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እየሟሸሸ። «ተቃቅፈው ሳይ ነውር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።»

«ብቻዋን አላልኩሽም?»

«ባሏ ነው ብዬ! ባሏ ካልጠየቃት ማን ሊጠይቃት ነው?»

ጮህኩ። አውሮፕላን በላያችን አለፈና ጩኸቴን ዋጠው። እስኪያልፍ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ቀጠልኩ። እሷ ጓንቱን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋዋለች።

ቅዳሜ ወደ ሊንውድ ስነሳ ነጠላዋን ለብሳ፣ ዳቦ ደፍታ በጨርቅ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። «የሰው ንብረት አጥፍቶ በስልክ ይቅርታ የለም» አለች። ውረጂ ብላት አልወረደችም። ሱቁ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሁለታችንም ገባን። ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«አንድ ላይ የከተትኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

ባለሱቁ «አንድ ነገር ነበር የነገርኩህ» አለ። እንቁላሎቹንም ሴቷንም ያንተ ናቸው ብሎ፣ ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አክስቴን አመሰገናት። ቀጥሎ የዔሊ ምግብ የያዘ ካርቶን አንስቶ በሩ አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ሄደና ይደረድር ጀመር። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ይንፏቀቃል። እኔ ዓይኔን ከፊቴ ካለው መኪና አላነሳሁም። ለመናገር ከጀመርኩ እንደማላቆም አውቃለሁ።

«ለምን በራስህ ላይ ወሰድከው?» አለች አክስቴ።

«ደክሞኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «እሷን ስወልድ» አለች፤ ልጇን ማለቷ ነው። «አባቷ ትራክ እየነዳ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። እዚህ አገር ማንንም አላውቅም። ከሆስፒታል በታክሲ ተመለስኩ። የሰው ድምፅ እንዲኖር ቲቪውን ቀንም ሌሊትም አላጠፋውም ነበር። ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩን ክፍት አድርጌ ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እባቧ ከወለደች በኋላ ሳጥኑን ዳር ዳሩን ስትዞር አየኋት። ሰው የምትፈልግ መሰለኝ።»

የምትፈልገው ምግብ ነበር። ይህንን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ንዴቴ ገና አላለቀም ነበር እኮ! መደርደሪያዬ ሄዷል፣ ሰኞ ተመልሼ መኪና ላጥብ ነው፣ ይህቺ ሴትዮ ደግሞ መናደድ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

እንቁላሎቹ በነሐሴ ተፈለፈሉ። ከጣት የቀጠኑ፣ ቀለበታቸው ከእናታቸው የደመቀ። ለእያንዳንዱ ጎኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጀሁ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። አክስቴን ጠርቼ እንደገና አስረዳሁ።

«እነዚህም ይበላላሉ። ወንድምና እህት አያውቁም።»

«ገብቶኛል» አለች። እሺ አላለችም፤ ትንሽ ተስፋ አደረግኩ።

ዕቃዎቹን አየር እንዲገባቸው አራርቄ ደረደርኳቸው። በማግስቱ ስገባ ሁሉም ተጠጋግተው፣ ክብ ሠርተው አገኘኋቸው። አራራቅኳቸው። በሚቀጥለው ቀን እንደገና ክብ።

«ክዳናቸውን አልነካሁም» ትለኛለች፣ ገና ሳልጠይቃት። «ግድግዳቸው ቢነካካ ምን ይጎዳል?»

አራርቃለሁ፣ ታጠጋጋለች። እንዲህ ስንባባል ሰነበትን።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ የምሽቱ ብርሃን ገና ከቤዝመንቱ መስኮት አልወጣም ነበር። ዕቃዎቹ ተቃቅፈዋል። ትንንሾቹ እባቦች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ወደ ጎረቤታቸው አስጠግተው፣ በቀዳዳው በኩል ምላሳቸውን ያወጣሉ፣ ያስገባሉ። ራት እየለኩ እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ።

አክስቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ይኸው» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እየተጠያየቁ ነው።»

ላራርቃቸው የዘረጋሁት እጅ አየር ላይ ቆየ።

«አዎ» አልኳትና እጄን መለስኩ።