ወንዳፍራሽ ያነሣቸው ወንበሮች

ሱሉልታ ውስጥ የወንዳፍራሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ወዳጅ የለውም። ሠርግ ቢሉ፣ ለቅሶ ቢሉ፣ ክርስትና ቢሉ፣ ስብሰባ ቢሉ፣ ድንኳኑም ወንበሩም የእሱ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ አሳድዶኝ እዚህ የገባሁ ጎረቤቱ ነኝ። ገና ዕቃዬን ሳላወርድ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ጎረቤት፣ ሠርግ አለብህ ወይስ ለቅሶ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም የለብኝም ስለው «አይዞህ፣ ይመጣል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን እንዲያ አይደለም። ሥራውን አልተወም፤ ግን ከሰው ጋር አይቀልድም፣ ወንበር ሲያነሣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ድንኳን ውስጥ ብቻውን መቅረት አይወድም። ሰው ደግሞ ወሬ አያልቅበትም። አእምሮው ተነካ የሚል አለ፤ መተት ነው፣ ጸበል ይግባ የሚልም አለ። ያላወቁትን ከማውራት ዝም ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ከራሱ አፍ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ልናገር።

አባቱ ከመንዝ ጨውና አቡጀዲ በአህያ ጭነው የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ሰው በማያውቁበት አገር ቤታቸውን ከፍተው ያስጠጓቸው የጎሳው ሽማግሌ የኦቦ ቱፋ አባት ናቸው። ወንዳፍራሽም በዚያ ግቢ የኦቦ ቱፋን ላሞች ወተት እየጠጣ አደገ። ኦሮምኛው ዛሬ ከተማ ካደጉት የኦሮሞ ልጆች ይበልጣል። ምርቃቱን፣ እርቁን፣ የሽማግሌውን ወግ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ኖሯል። ይህን የምለው በኋላ «አላወቀም ነበር» እንዳይባልለት ነው። ያውቅ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ፣ አንድ ትልቅ ወይራ ያለበት ምንጭ አለ። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ከዚያ ይቀዳሉ፤ ከብቱም ከዚያ ይጠጣል፤ ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ላይ የጎሳው የጥንት አባቶች መቃብር ይገኛል። አንድ ባለሀብት እዚያ ሪዞርት ልሥራ ብሎ ጠየቀ። መዋኛ ገንዳ ያለው፣ የሣር ክዳን የለበሱ ጎጆዎች የተደረደሩበት፣ አዲስ አበቤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያርፍበት ዓይነት። ጉዳዩን ለመምከር የጎሳው ሽማግሌዎችና የመንግሥት ሰዎች ጥቅምት ላይ ቦታው ድረስ ሄደው እንዲገናኙ ተቀጠረ። ነገሩን የያዘው ስምዖን የሚባል ወጣት ሹም ድንኳንና ወንበር ከወንዳፍራሽ አዘዘ።

በቀጠሮው ቀን ኦቦ ቱፋ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆሙና መረቁ። ለምድሩ፣ ለውሃው፣ ለእንግዳው፣ ለመንግሥት፣ ለከብቱ፣ ሁሉንም መረቁ። ሰዉ ሁሉ «ሃዬ! ሃዬ!» እያለ ተቀበለ፤ ስምዖንም አብሮ ተቀበለ። በእነሱ ወግ ይህ የመክፈቻ ምርቃት ነው። መክሮ መክሮ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ያው የከፈተው ሰው መርቆ ይዘጋዋል። ያ እስኪሆን ሰዉ ቤቱ ገብቶ ቢያድርም ጉባኤው እንደተቀመጠ ነው የሚቆጠረው።

ባለሀብቱ ሥዕሉን አሳየ። ስምዖን ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ መንገድና ስለ መብራት ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ከብቱ በየት ይለፍ፣ መቃብሩስ ምን ይሁን ብለው ጠየቁ። ጭቅጭቅ አልነበረም። በመጨረሻ ኦቦ ቱፋ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው አሉ። ሲንቄ የሚይዙት እናቶች፣ ማለት በወጉ የሴቶችን መብት የሚያስከብረውን በትር የሚይዙት፣ ቃላቸውን ሳይሰጡ ይህን ነገር መጨረስ አይቻልም፣ እነሱም ይጠሩና ዳግመኛ እንቀመጥ አሉ። ስምዖን ተስማማ። ቀኑን አስታውቃለሁ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ወንዳፍራሽ እንደ ልማዱ ወንበሮቹን መደራረብ ሲጀምር ኦቦ ቱፋ በከዘራቸው ክንዱን ነካ አደረጉት።

«ድሮ እዚህ ድንጋይ ላይ ነበር የምንቀመጠው» አሉት። «ድንጋይ አይነሣም። የመጣ ሁሉ አይቶ ሰዎቹ ገና እየመከሩ ነው ይላል። ዛሬ ባንተ ወንበር ተቀመጥን። እስክንጨርስ እንዳለ ተወው።»

«እሺ አባባ» አለ። ልጃቸው ነው፤ ሌላ ምን ይላል?

ድንኳኑን ብቻ አፍርሶ ሄደ። ወንበሮቹ ወይራው ሥር በክብ እንደተደረደሩ ቀሩ። ኦቦ ቱፋ በየጠዋቱ እየመጡ የራሳቸው ቦታ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። አላፊው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል፤ የሚስቅባቸውም አልጠፋ። እሳቸው ግን ጉባኤ እየጠበቁ ነበር።

ቀን ተቆርጦ ሳይነገር ሰነበተ። በመሐሉ ሰንዳፋ ላይ የወንዳፍራሽ ሚስት የማሪቱ እህት ልጅ፣ ያኔት የምትባለው፣ ሠርጓ ደረሰ። ግቢው ያለው ወንበር አልበቃ አለ። ማሪቱ ከሰው ተከራይ አለችው፤ በገዛ ዘመዴ ሠርግ የሌላ ሰው ወንበር ደርድሬ መሳቂያ ልሁን? ብሎ እምቢ አለ። የሰው ልጅ ኩራት ለዚህ ለዚህ ሲሆን አያንስም። ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ምን ይመሰክራል፣ ከሠርጉ በኋላ መልሼ እደረድረዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሀሰኖ የሚባለውን የአይሱዙ ሹፌር ይዞ ወደ ምንጩ ወጣ።

ኦቦ ቱፋ እዚያው ተቀምጠዋል። ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ሠርጉንም አስረዳቸው፤ በማግስቱ እመልሳለሁ ብሎ ማለላቸው። አልመለሱለትም። ዝም ሲሉት የተስማሙ አድርጎ ወሰደው፤ ወይም መውሰድ ፈለገ። ከወዲያ ጀምሮ ወንበሩን ማንሣት ያዘ። ክቡ ከግራና ከቀኝ እየጎደለ መጥቶ ሜዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ። ወንዳፍራሽ ያንን ትቶ መሄድ ይችል ነበር። አንድ ወንበር ምን ያጎድልበታል? ግን አጠገባቸው ሄዶ ቆመ። ለምን እንደቆመ እስከዛሬ አያውቀውም።

ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ወንበሩን በገዛ እጃቸው ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት።

«እንግዲህ ያስነሣኸኝ አንተ ነህ» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር ይላል ወንዳፍራሽ።

ሰንዳፋ ላይ ገና ሙሽሮቹ ሳይገቡ፣ ስምዖን ቀጠሮ ለመቁረጥ ሰዎች ይዞ ምንጩ ጋ ደረሰ። ሜዳው ባዶ ነው። ሰው ቢጠይቅ ወንበሩ ተወስዷል፣ ሽማግሌውም ተነሥተው ሄደዋል አሉት። እሱ ምርቃት ሰምቷል፣ ሃዬ ብሏል፣ አሁን ደግሞ ባዶ ሜዳ አየ። ሴቶቹንም በመሐላቸው ጠይቀው ጨርሰዋል ብሎ አሰበና ምክክሩ በስምምነት አለቀ ብሎ ተናገረ። እኔ በዚህ ልጅ አልፈርድበትም፤ በአዳራሽ ስብሰባ ያደገ ሰው መክፈቻና መዝጊያ ምርቃትን በምን ይለያል? ወንዳፍራሽ ወንበሩን ይዞ ሳይመለስ አጥሩ ታጠረ፤ ዶዘሩ ተከተለ።

ሽማግሌዎቹ ቢሮ ድረስ ሄደው አልጨረስንም አሉ። ስምዖን ታዲያ ለምን ተነሣችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ፤ ገና እየመከሩ ለመሆኑ ምስክራቸው መቀመጫው ነበርና። ወንዳፍራሽም ሄደ። ሽማግሌው አልተነሡም፣ ወንበሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ አለ። ስምዖን በትሕትና «አቶ ወንዳፍራሽ፣ የሚመክረው እኮ ወንበር አይደለም» ብሎ ሸኘው።

ኦቦ ቱፋ ክረምቱን አልተሻገሩም። ወንዳፍራሽ ማንም ሳይጠራው ያለውን ወንበር ሁሉ ጭኖ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ልጃቸው አቤኒ በር ድረስ ወጣ፤ እንደ ወንድም አቅፎ ሳመው፤ አብረው አለቀሱ። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ «ዛሬ ድንጋይ ላይ ነው የምንቀመጠው» አለው። እውነትም ለቀስተኛው ሁሉ ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም እዚያ ነበርኩ። መኪናው እንደተጫነ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ። ወንዳፍራሽ የትም ወንበር ሊሰበስብ ሲሄድ ሌላው ሁሉ ይነሣለታል፤ የመጨረሻዋ ወንበር ግን ሰው እንደተቀመጠባት ትከብደዋለች። የትኛዋም ትሁን፣ በመጨረሻ የቀረችው ናት የምትከብደው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ የጸጸት ሥራ ነው አልኩት። አንድ ቀን ግን ማሪቱ ልታግዘው ያቺን ያዘች፤ ከፍ ሳታደርጋት ለቀቀቻትና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ምን ሆንሽ ብላት ምንም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር አትነካም። እኔም ልሞክራት አልፈለግሁም፤ ፈራሁ።

በመጨረሻ ወንዳፍራሽ የቀሩትን ሽማግሌዎች፣ እባካችሁ መርቃችሁ ዝጉት፣ ይልቀቀኝ ብሎ ለመናቸው። አዘኑለት፤ ግን የከፈተው ካልሆነ ማንም አይዘጋውም አሉ። ቢያንስ ያልተሰማውን ቃል ሂድና ስማ ብለው ወደ አዴ ዲንቄ ላኩት፤ ከሲንቄ እናቶች ትልቋ ናቸው። ብቻዬን አልሄድም ስላለኝ ተከተልኩት።

አዴ ዲንቄን ያገኘናቸው ከሩቅ ካለው ቦኖ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ነው። ምንጩ አጥሩ ውስጥ ገብቷል። ጀሪካኑን አውርደው ደጃፋቸው ላይ አረፉ፤ እኛንም «ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉን። ወንዳፍራሽ ግን ቆሞ ቀረ። ከዚያ በኦሮምኛ ጠየቃቸው፤ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ መለሱለት።

«ያን ጊዜ ቢጠሩዎት ኖሮ ምን ሊሉ ነበር?»

«እኔማ ይሠራ ልል ነበር።»

ወንዳፍራሽ ያልሰማ መስሎ አያቸው።

«ይሠራ ልል ነበር» አሉ ደግመው። «የልጅ ልጆቼ ሥራ ፈትተው ነው የሚውሉት። ቤቱን ከመቃብሩ ፈቀቅ አድርጉት፣ ምንጩን ተዉልን፣ ሌላውን ሥሩ። ይኸው ነው ቃላችን። ቱፋም ያውቀው ነበር፤ ነግረነዋል። ከእኛ አፍ ይስሙት ብሎ ነው የጠበቀው።»

ከማዶ የዶዘር ድምፅ መጥቶ ጠፋ። ወንዳፍራሽ፣ ልጅ ሆኖ ወተት እንደሚለምን ባለ ድምፅ፣ ታዲያ እርስዎ ይዝጉት አላቸው።

«የከፈተው ቱፋ ነው። ቱፋ የለም» አሉ። «እንግዲህ ሁላችንም ገና እዚያው ተቀምጠናል።»

ተነሥተው ጀሪካኑን ያዙ። ወንዳፍራሽ ሊቀበላቸው ፈጥኖ እጁን ዘረጋ።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ለምጄዋለሁ።»