የጌቶች ዘመዶች

የመንደራችንን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከጌቶች ግቢ ይጀምራል። ከአርብ ገበያ ስትመለሱ፣ አምባው ጫፍ ላይ ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ አጥር ታያላችሁ፤ እሱ ነው። ትልቅ አዳራሽ ነበረው ይላሉ። ነበረው፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈስ፣ ሣሩን የመንደሩ ሰው በየዓመቱ አጭዶ የሚከድነው፣ የአይጥ መፈንጫ አዳራሽ። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ። ጌታውንም አይቼዋለሁ፤ ከሥጋና ከክስ በቀር የሚወደው ነገር አልነበረም። የሞተ ዕለት ግን መንደሩ አባቱ እንደሞተበት ደረቱን ደቃ።

ታሪኩ አጭር ነው። የጌታው አያት ከቤተ መንግሥት ተልኮ መጣ፤ መንደሩም በጉልት ተሰጠው። ጉልት ማለት የገበሬውን ግብር መብላት ነው እንጂ መሬቱን መውረስ አይደለም። መሬቱ ርስት ነው፤ መጀመሪያ ጫካውን መንጥሮ ካቀናው አባት የተወለደ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ይካፈለዋል። ሰውየው ግን ከግቢው በታች ያለውን ጥቁር አፈር፣ የመንደሩን ምርጥ መሬት፣ ሁዳድ አደረገው፤ ገበሬው በነፃ የሚያርስለት የግል እርሻው ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ቀን የሚታረስ ያህሉ የእናቴ ድርሻ ነበር። እናቴ ከሱ አንዲት እፍኝ ገብስ ሳትቀምስ ሞተች።

ከባሌ ተፋትቼ ወደ መንደሬ በተመለስሁ ጊዜ ጉልት ቀረ ተብሎ ታወጀ። ጌታው ሞቷል፤ ሁዳዱን የያዘችው ሚስቱ እሜቴ ነበረች። እኔ ከእናቴ ርስት በቀር ሌላ ምንም አልነበረኝም። እሱን ካላገኘሁ የሰው ቤት ገረድ መሆኔ ነው። ስለዚህ ባለርስቶቹ ተባብረው እንዲከሱ ቤት ለቤት እየዞርሁ ለመንሁ። ወኪል አድርገው የመረጡት የእናቴን ወንድም ነው። አጎቴ የዘር ሐረግ በመቁጠር የታወቀ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጌቶችን ሲረግም የኖረ ሰው ነበር። በግቢው በር ሲያልፍ ግን ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል።

የአጥቢያው ዳኛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከወይራው ሥር ተሰየመ። እሜቴ በበቅሎ መጣች፤ አሽከሮቿ ስለከዷት ጥላዋን ራሷ ይዛ። አጎቴ አደግድጎ ቆመና፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» ብሎ ጀመረ። አቅኚውን አባት ሊጠራ ሲል እሜቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣

«ዳኛ፣ ባላገር ምን የዘር ቆጠራ አለው? የማን ልጅ እንደሆነስ መቼ ያውቃል?» አለች።

አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን? እኔ ባላገር? እኔ እኮ ከጌቶች አያት ነው የምወርደው! በእናቴ በኩል የሥጋ ዘመዳቸው ነኝ! ይህን ሁዳድ የምጠይቀው በአጥንቴ ነው!»

ዓይን ያወጣ ውሸት። እናቱ በዚያ አዳራሽ ጠላ ስትጠምቅ ኖራለች፤ ከዚያ ሌላ ከጌቶች ጋር የሚያገናኘን ነገር የለም። አብረውት የቆሙት ሽማግሌዎች ደግሞ ላለመበለጥ፣ አንዱ በአያቱ አንዱ በምንጅላቱ እየዞረ ከጌቶች ተጠጋ። አቅኚውን አባት የሚጠራ ጠፋ። ገበሬ ነበራ!

ዳኛው ጢሙን እያሻሸ ሰማቸው።

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ» አለ። «ሁላችሁም መሬቱን በጌቶች አያት ከጠየቃችሁ፣ ርስቱ የእሳቸው ነው ማለት ነው። የቅርብ ወራሽ ደግሞ የእሜቴ ልጅ ነው። እናንተ በዝምድናችሁ ከደጃቸው ብሉ።»

አጎቴ እጅ ነሣ። ደስ ብሎት እጅ ነሣ! እንደዚያ ቀን ሰው ንቄ አላውቅም።

ዘልዬ ተነሣሁና የእናቴን ሐረግ እስከ አቅኚው አባት ድረስ አንድም ሳላስቀር ቆጠርሁ። ያስተማረኝ ራሱ አጎቴ ነው። ዳኛው ወደ እሱ ዞሮ፣ «የምትለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው። እውነት ነው ቢል መሬቱ ይመለሳል፤ እሱ ግን ተመልሶ ባላገር ይሆናል። እሜቴን አየት አደረገ። እኔን አላየኝም።

«የሴት ነገር ነው፤ አታውቅም» አለ።

«አጎቴ፣ የእናቴን አፈር እኮ ነው የሰጡብኝ! በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት!» ብዬ ጮህሁ።

«ዝም በይ፣ ነውር ነው!» አለኝ። «በዘመዶቻችን ፊት!»

ሰኔ ሲገባ እሜቴ ሰው ላከች። በጉልቱ ጊዜ «ኑና እረሱ» ነበር ቃሏ፤ አሁን «ዘመዶቼ፣ ደቦ ውጡልኝ» አለች። ድሮ ለሁዳድ ሲጠሩ ሆዴን ቆረጠኝ፣ በሬዬ አነከሰብኝ እያለ የሚቀር አይጠፋም ነበር። ለዝምድናው ግን አንድም ሰው አልቀረም። አጎቴ ከፊት ሆኖ፣ እየዘፈነ፣ የእናቴን ድርሻ ገለበጠው።

ምሳ ሲደርስ ወደ አዳራሹ የጠራቸው የለም፤ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ጠላ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሜቴ ዘንድ በገረድነት ከገባሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አጎቴ ዋንጫውን ዘርግቶ ስቀዳለት አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዞር አለ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለው ደረቱን ነፍቶ። «ጌቶች ቤት ገብታለች።»