የሙሳ ግራ እግር

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ከፍቶ ኳስ ያያል፤ እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ የተቀቀለ ጎደሬ እልጣለሁ። አንድ አጥቂ ተመትቶ ወደቀ። ሐኪሞች ሮጠው ደረሱለት፣ በቃሬዛ ሲያወጡት ያ ሁሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት፤ የተጋጣሚው ደጋፊ ሳይቀር። ቢላዋዬን አስቀምጬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ልጁ ተከትሎኝ «አመመሽ እንዴ አያቴ?» አለኝ። አላመመኝም። ወንድሜ ሙሳ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሙሳ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነበር። አባታችን መቱ ገበያ ዳር ጨውና አቡጀዲ ይሸጡ ነበር። ሙሳን ሱቅ እንዲጠብቅ ያዝዙታል፣ ሲመለሱ ግን ሱቁን ከፍቶ ጥሎት ሄዷል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በገመድ ያስርና ከገበያው በላይ ወዳለው ሜዳ ይወጣል። የእኛ አገር ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማባሪያ የለውም። ያ የጨርቅ ኳስ ውሃ ሲጠጣ ድንጋይ ያክላል፤ ያንን በባዶ እግሩ እየመታ ነው ያደገው። ጎረምሳ ሲሆን ስሙ ከመቱ አልፎ ወጣ። ከዳሪሙ ጭቃ እያቦኩ፣ ቆሎ በአቁማዳ ቋጥረው እሱን ለማየት የሚመጡ ነበሩ። ኳስ ግራ እግሩ ላይ ስትደርስ ሜዳው ሁሉ በኦሮምኛ «ሩኩቲ፣ ሩኩቲ» ይላል፤ ምታት፣ ምታት ማለት ነው።

እንዲህ ሳለ ጣሊያን ገባ። የመቱ ጦር አዛዥ ቴኔንቴ የሚባል መቶ አለቃ ነበር፤ ስሙን ስለማናውቅ በማዕረጉ እንጠራዋለን። ኳስ ሲወድ ለጉድ ነው። ሙሳን ገና እንዳየው ከወታደሮቹ ጋር እንዲጫወትለት አስጠራው። አባቴ የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

«እምቢ ብል ምን ያደርጉኛል?» አለ ሙሳ።

«አንተን እንኳ ተወው» አሉት፤ «እኛን ምን እንደሚያደርጉን አስብ።»

ሄደ። ጫማ ሰጡት፤ በካሚዮን ጭነው ጎረቤታችን ወዳለችው ቡሬ ወስደው እዚያ ከሰፈሩት የጣሊያን ወታደሮች ጋር አጋጠሙት። አሸነፈላቸው። ከዚያ ወዲያ የመቱ ሰው ፊቱን አዞረብን። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሙሳን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሴት ነበሩ፤ ማር በቆረጡ ቁጥር የመጀመሪያው የእሱ ነበር። የገዛ ልጃቸው ጫካ ከአርበኞች ጋር ነው። አንድ ቀን ሙሳ እጅ ነሥቶ ሲያልፍ መሬት ላይ ተፉና «ባንዳ» ብለው በራቸውን ዘጉ። ሙሳ በሩን እያየ ብዙ ቆመ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ጫማውን መልሰው ወሰዱት። ሙሳ እየሳቀ ቤት ገባና «ተገላገልኩ» አለን። እናቴ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤውን አትረፍርፋ አበላችው።

ግን የመቱ ወታደሮች ያለ እሱ በቡሬዎች ተሸነፉ። ያለ ጥቁሩ ምንም አይደላችሁም ብለው ቴኔንቴን ፊት ለፊት ሳቁበት አሉ። በሚቀጥለው እሑድ አስካሪዎች፣ ማለት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ከየቤቱ እየነዱ ሜዳ አወጡን። ከአንዱ ግብ አንደኛው ቋሚ እንጨት ተነቅሎ ሣር ላይ ተጋድሟል። በእሱ ቦታ ያቆሙት ሙሳን ነበር።

የቴኔንቴ አስተርጓሚ ለሕዝቡ «ይህ እንጨት ነው፤ እንጨት አይንቀሳቀስም» አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳሱን ወደ ግብ ሳይሆን ወደ እሱ ነበር የሚመቱት። ሆዱን አገኙት፣ ፊቱን አገኙት። አፍንጫው ደማ፤ አልጠረገውም። ወታደሮቹ ሳቁ፤ ለእነሱ ያስቃል። ቀጥሎ ከእኛ ወገንም ሳቅ ሰማሁ። እትዬ ብርቄ ከኋላዬ «ይቅመሳት» አሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

አንዷ ኳስ ደረቱን መትታ እግሩ ሥር ወደቀች። ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁና ይዟት ሊሮጥ እንደሆነ አወቅሁ። በባዶ እግሩ ተነሣ። ወታደሮቹ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏቸው አሳለፉት፤ ሲነቁ እያጠፈ አለፋቸው። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጦ በግራው ለቀቃት፤ በረኛው እጁን እንኳ አላነሣም። ገባች። አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም።

ቴኔንቴ አልተቆጣም። እየተንሸራሸረ መጣ።

«በየትኛው እግርህ መታህ ይልሃል» አለው አስተርጓሚው።

«በግራዬ» አለ ሙሳ።

የግራ እግሩን በተነቀለው እንጨት ላይ አጋድመው አንድ አስካሪ በሰደፍ መታው። የአጥንቱን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ቴኔንቴ ሰዓቱን አየና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ መሬት እያየ፣ «ጨዋታው አላለቀም፤ ወደ ቦታህ ተመለስ ይልሃል» አለ።

ሙሳ እየተጎተተ ተመለሰ። ጨዋታው እስኪያልቅ በአንድ እግሩ ቆመ።

ወጌሻው የቻለውን አደረገ፤ አጥንቱ ግን ጠምሞ ገጠመ። ማንም አልጠየቀንም። ጣሊያን ሲወጣ አርበኞች ከጫካ ወረዱ፣ የእትዬ ብርቄም ልጅ በደኅና ገባ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲደግስ እኛን የጠራን የለም። ሙሳ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ መኪናውን በቀኝ እግሩ ብቻ እየረገጠ ኖረ። ሜዳውን ዳግመኛ አልረገጠም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ሳለን፣ ሳልጠይቀው፣ «እግሬን የሰበሩት ጠላቶች ናቸው፤ ጠላት ይሰብራል» አለኝ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ሰዎቻችን ሲስቁ ግን ሰማኋቸው፤ ማን ማን እንደሆነ በድምፃቸው ለየሁ» አለ። የእነዚያኑ ሰዎች ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ነው የሞተው።

ዛሬ ሙሳ የመቱ ጀግና ሆኗል። ወጣቶች በባጃጅ እየመጡ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ስለዚያች ግብ ንገሪን ይሉኛል። አያቶቻቸው እዚያ እንደነበሩ፣ ኳሷ ስትገባ ሜዳው በጩኸት እንደተናወጠ ሰምተው አድገዋል። የአንዳንዶቹን አያቶች አውቃቸዋለሁ። ልጆቹ ምን አጠፉ ብዬ ሻይ እቀዳላቸዋለሁ፣ ግቧንም እንዴት እንዳገባት እነግራቸዋለሁ። «ሕዝቡስ ምን አለ?» ሲሉኝ ግን እንደሙሳ መቻል አቅቶኝ እነሣለሁ፤ ስኳር ላምጣ ብዬ ወደ ውስጥ እገባለሁ።